ከዕቃ ቤቱ የመጣው ድምፅ

ድምፁን መጀመሪያ የሰማው አባቴ ነው። ዓይኑን ሊታከም ከደባርቅ ማዶ ካለው ቀበሌያችን እኔ ወደማስተምርበት ጎንደር ከመጣ ገና ሳምንቱ ነበር። አንዱ ዓይኑ ጨርሶ ጠፍቷል፤ ሌላውም ሰውን ከጥላ አይለይም። ጆሮው ግን ምንም አያመልጠውም። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ግድግዳውን እየዳበሰ መጥቶ መኝታ ክፍሌ በር ላይ ቆመ።

«ልጄ፣ ተኝተሻል?»

«ምነው አባ፣ አመመህ?»

«እኔስ ደህና ነኝ። አንድ ነገር ጪጭ ይላል። እስቲ ስሚው።»

ተነስቼ ቁጭ አልኩ። የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ምንም አይሰማም ነበር። ጋብ ሲል ግን መጣ፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ጆሮ የሚወጋ። ከዚያ ዝም አለ። ቆመ ብዬ ልተኛ ስል ደገመው። በደቂቃ አንድ ጊዜ፣ ሳያዛንፍ።

ቤቱን ከእኔ በፊት ተከራይተው የነበሩት የእርዳታ ሥራ የሚሠሩ የውጭ ሰዎች ናቸው። አገሩ ሲደፈርስ በሁለት ቀን ውስጥ ጠቅልለው ሄዱ። ሳሎኑ ጣሪያ ላይ አንድ ነጭ፣ ክብ፣ የሻይ ማስቀመጫ ሳህን የሚያህል ፕላስቲክ ትተው ነበር፤ መሐሉ ላይ ትንሽ ቀይ መብራት አልፎ አልፎ ብልጭ ይላል። ስገባ አከራዬን ምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ «እኔ እንጃ፤ ካሜራ ይሆን እንዴ?» ብላኝ አለፈች። እኔም የመጀመሪያዎቹን ወራት ከሥሩ ስቀመጥ ነጠላዬን ሰብሰብ አደርግ ነበር። በኋላ ረሳሁት።

መብራት አልነበረም። በባትሪ እያበራሁ ወንበር ላይ ወጣሁና ፕላስቲኩን ጠምዝዤ አወረድኩት። ከጀርባው አራት ማዕዘን የባትሪ ድንጋይ ተሰክቶበታል። ነቀልኩት። አባቴ ከታች ሆኖ ወንበሩን ይዞልኛል።

«በቃ፣ አለቀ» አልኩት።

ድንጋዩን በእጄ እንደያዝኩ እንደገና ጮኸ።

አባቴ አንገቱን ወደ ጓዳ አዞረ። «ከዚህ አይደለም። ከጀርባ ነው» አለ።

ከጀርባ ያለው አከራዬ ዕቃዋን የቆለፈችበት ክፍል ነው። ቁልፉ ማክሰኝት እሷ ዘንድ ነው፤ እዚያ እህል ትነግዳለች። እኔ ያንን ክፍል ተከፍቶ አይቼው አላውቅም። በሩ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኩ። እርግጥም ከውስጥ ነበር። ያን ሌሊት ሁለታችንም አልተኛንም። አባቴ ጸሎቱን ሲያደርስ ድምፁ በመጣ ቁጥር ያቋርጠዋል፤ ትንሽ ቆይቶ ካቆመበት ይቀጥላል።

ጠዋት ዘበኛውን ጠየቅኩት። ወደ ስልሳ የሚጠጋ፣ ከሳንጃ አካባቢ የመጣ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። አከራዬ የቀጠረችው ስለሆነ የሚታዘዘውም ለእሷ ነው፤ ግን ከእኔ ጋር በሰላም እንኖር ነበር። የሚኖረው ከዕቃ ቤቱ ጀርባ በተለጠፈችው አንዲት ሰርቪስ ክፍል ነው።

«አያ፣ ሌሊት ከወደ እርስዎ ክፍል ድምፅ አልሰሙም?»

«ኧረ እኔ ምንም አልሰማሁ፣ እትዬ» አለ። ቶሎ ነው ያለው፤ ጥያቄዬን ሳልጨርስ። «አይጥ ይሆናል።»

«አይጥ እንዲህ አይጮኽም።»

«ታዲያ እኔ ምን አውቃለሁ» አለና መጥረጊያውን አንስቶ የተጠረገውን ግቢ መጥረግ ጀመረ።

ያን ጊዜ ነው ሳላስተውል ያለፍኳቸው ነገሮች አንድ በአንድ የመጡብኝ። ከአባቴ መምጣት ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ክፍሉን ትቶ የግቢው በር አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ጎጆ ማደር ጀምሮ ነበር። በዚያ ዝናብ። ለምን ብዬ ስጠይቀው «በሩ ሲንኳኳ እንዳያመልጠኝ ነው» ብሎኝ ነበር፤ ማን እንደሚያንኳኳ ግን አልነገረኝም። ክፍሉ ቀን ቀን ይዘጋል። መስኮቷ በጨርቅና በላስቲክ ተጠቅጥቃለች። ለራሱ አንድ ዳቦ የሚበቃው ሰው ሦስት ዳቦ ገዝቶ ሲገባ አይቼዋለሁ።

ሰው ደብቋል።

በዚያ ዓመት ይህ ቃል ቀላል አልነበረም። ከመሸ በኋላ መንቀሳቀስ ክልክል ነበር። ማታ ማታ ከከተማው ዳር ተኩስ ይሰማል፤ ጠዋት ማንም ስለ እሱ አያወራም። ቤት ይፈተሻል። ሰው የተገኘበት ግቢ፣ ሰውየው ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ ግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ ይወሰዳል። የጎረቤቴ ወንድም እንዲሁ ሄዶ ወሬው ጠፍቷል። ጠመንጃ የያዘ ሰው ከመኝታዬ በሁለት ግድግዳ ርቀት ተኝቶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ለአባቴ አልነገርኩትም። ለማንም አልነገርኩም። ዘበኛውን እንደገና እንዳልጠይቀው የሚመልስልኝን ፈራሁ።

ስልክ ኔትወርክ የሚገኘው በጓሮ በኩል ስለሆነ እዚያ ቆሜ አከራዬ ዘንድ ደወልኩ። መስመሩ ስለሚቆራረጥ እየጮህኩ ነው የማወራው።

«ከጀርባ ያለው ድምፅ እንቅልፍ ነሳኝ» አልኳት። «አባቴ ሽማግሌ ነው፣ አልቻለም። አንድ ነገር አድርጊልኝ፤ ይሄ ነገር ዝም ካልተባለ እዚህ ቤት መቀመጥ አልችልም።»

ቁልፉን በሚኒባስ ሹፌር እልካለሁ አለች። በማግስቱ ደረሰኝ፤ እስከዚያ አንድ ሌሊት ሙሉ ጪጭ ሲል አደረ።

ከሳሎን ያወረድኩትን ፕላስቲክ ይዤ ፒያሳ ወደ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ አገላብጦ አየውና፣ «ጭስ ሲያገኝ የሚጮህ ነው። ድንጋዩ ሲደክም ደግሞ እንዲህ ጪጭ ይላል፤ ቀይሩኝ ማለቱ ነው» አለኝ።

«ድንጋዩ አለህ?»

«አንድ ብቻ ቀርቶኛል። ለቤተ ክርስቲያን ማይክ የሚሆነውም ይሄው ስለሆነ በፍልሰታ ከእጄ አይቆይም።»

ገዝቼ መጣሁ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ስከፍት ዘበኛው ከየት እንደመጣ ሳላየው ከኋላዬ ቆሟል።

«ምነው እትዬ፣ የሰው ዕቃ ነው፤ ይተዉት።»

«አስፈቅጃለሁ። ቁልፉን የላከችው እሷ ናት።»

አልሄደም። እዚያው በሩ ላይ ቀረ።

ክፍሉ ጨለማ ነው። የእህል ጆንያ፣ የፈረሰ አልጋ፣ ዶማና አካፋ፣ የተደራረበ ወንበር። በስተጀርባ ባለው ግድግዳ ድሮ መስኮት የነበረው ቦታ በኮምፔንሳቶ ተመቷል፤ ከኮምፔንሳቶው ወዲያ የዘበኛው ክፍል ነው። እንደ ሳሎኑ ያለ ነጭ ፕላስቲክ ጣሪያው ላይ አለ። ቀለም ሲቀቡ አብረው ስለቀቡት ልጠመዝዘው ብሞክር አልላወስ አለ። የድንጋዩ ማስቀመጫ ግን በጥፍር ተከፈተ። አሮጌውን አውጥቼ አዲሱን ስሰካው አንድ ጊዜ ኃይለኛ ጩኸት ጮኸና ዝም አለ።

ከኮምፔንሳቶው ጀርባ አንድ ሰው በድንጋጤ ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁ።

ወንበሩ ላይ እንደቆምኩ ደረቅኩ። ተከትሎ የድመት ግልገል የመሰለ ድምፅ መጣ፤ ወዲያው ታፈነ። ዘበኛው በሩ ላይ ሆኖ ያለ ልክ ያስል ጀመር። ሳል እንዳልሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ከወንበሩ ወረድኩ። ፊቱን ሳላይ በአጠገቡ አለፍኩና በሩን ቆለፍኩ።

«አበቃ?» አለኝ።

«አበቃ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሌሊቶች ጸጥ ያሉ ነበሩ። ለእኔ ግን ከፊተኞቹ የባሱ ነበሩ። ጨለማ ውስጥ ዓይኔን አፍጥጬ ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ሰው አዳምጣለሁ። ውጭ መኪና ባለፈ ቁጥር በእኛ በር ላይ ይቆም ይሆን እያልኩ እጠብቃለሁ። አባቴ አንዴ፣ «ግቢው ውስጥ ድመት ወልዳለች እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎ» አልኩት። ለቄስ አባቴ ዋሸሁት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በረዶ ጣለ። ግቢው ነጣ። ሲመሽ ብርዱ አጥንት ድረስ ገባ። መብራት እንደጠፋ ነው። አባቴ ጋቢና ብርድ ልብስ ደርቦ ተኛ፤ እኔም ካልሲ ሳላወልቅ ተኛሁ። ጠዋት ላይ ዘበኛው ማዳበሪያ ውስጥ ከሰል ይዞ ሲገባ አይቼ ነበር፤ ለጎጆው መስሎኝ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ነው የጮኸው። ይኼኛው ጪጭ ማለት አይደለም፤ ያለ ማቋረጥ፣ እንደ አምቡላንስ። ከእንቅልፌ ስባንን መጀመሪያ የመጣልኝ ንዴት ነው። ባለሱቁ ያለቀ ድንጋይ ሸጦልኛል ብዬ አሰብኩ። ትራሱን ጆሮዬ ላይ ጫንኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ለመነሳት ሰንፌ ተኝቼ ነበር።

አባቴ መጣ። «ተነሺ» አለኝ። «እንደፊተኛው አይደለም።»

«ድንጋዩ ተበላሽቶ ነው፤ ነገ…»

«ጭስ ይሸተኛል፣ ልጄ።»

ዕቃ ቤቱን ስከፍት ባትሪዬ ነጭ ጉም ውስጥ ገባ። የሚነድ ነገር ፈለግኩ፤ የለም። ጆንያውም፣ አልጋውም ደህና ነው። ጭሱ የሚመጣው በኮምፔንሳቶው ጠርዝ ዙሪያ ነበር፤ ቀስ እያለ፣ በቀጭን በቀጭኑ ይወጣል።

ዘበኛው ጩኸቱን ሰምቶ በዝናቡ እየሮጠ ደርሷል።

«አያ፣ ክፍልዎ ውስጥ ማን ነው ያለ?»

ኮምፔንሳቶውን ያያል።

«ማን ነው ያለ?»

«ልጄ ናት» አለ። «ልጄ ናት እትዬ። አራስ ናት።»

ዞሮ ወደ ጓሮ ሮጠ። በሩን ሲደበድብና ልጁን ሲጣራ እሰማለሁ። የብረት በር ነው፤ ከውስጥ ተቀርቅሯል። መልስ የለም። እኔ ዶማውን አነሳሁ። ዶማ ይዤ ካደግኩበት ቤት ከወጣሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ኮምፔንሳቶው ግን እርጥበት የበላው ስለነበር በሦስተኛው ምት ተሰነጠቀ። ዘበኛው ተመልሶ መጣና የቀረውን በእጁ ገነጠለው። ጭሱ ፊታችን ላይ ተደፋ። በቀዳዳው ሾልኮ ገባ፤ ጣቶቹ ይደሙ ነበር።

መጀመሪያ ያወጣው ጥቅልሉን ነው። የተቀበለው ተከትሎኝ የመጣው አባቴ ነው፤ በዚያ ጨለማና ጭስ ከማናችንም ይልቅ ለመዳበስ የለመደው እሱ ነበር። ቀጥሎ ልጅቷን አወጣን። ሃያ ዓመት አይሞላትም። ጎትተን በረንዳው ላይ ስናስተኛት ዝናቡ ፊቷን መታው፤ ትንሽ ቆይቶ አቃሰተች፣ አስመለሳት። ቆርቆሮ ላይ የተቀጣጠለ ከሰል አልጋዋ ሥር አስቀምጣ ነበር። የብርድ ልብሱ ጫፍ እሱ ላይ ወድቆ ያለ ነበልባል ሲጨስ ቆይቷል።

አባቴ ሕፃኗን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆሟል።

«ትተነፍሳለች?» አልኩት።

«አለች። ግን ጥቂት ነው።» ከዚያ፣ «ክርስትና ተነሥታለች?» ብሎ ዘበኛውን ጠየቀው።

«አልተነሣችም አባ። ገና ሃያ ቀኗ ነው።»

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። የምትሞት ከሆነ ግን ቄስ እዚያው ሊያጠምቃት ይችላል። አባቴ ውኃ አምጪ አለኝ። በጣሳ አመጣሁለት። ጣሳውን በአንድ እጁ፣ ሕፃኗን በሌላው እንደያዘ ቆመ። ምን እያሰበ እንደነበር አላውቅም። ዘበኛው መሬት ላይ ተንበርክኮ ነበር። ልጅቷ ከተኛችበት ቀና ብላ ጣሳውን ስታይ ምን ማለት እንደሆነ ገባትና ድምፅ ሳታወጣ አፏን ያዘች።

አባቴ ውኃውን አስቀመጠው። «ሐኪም ቤቱ ምን ያህል ይርቃል?» አለኝ።

«በእግር ግማሽ ሰዓት። ግን አሁን መውጣት አይቻልም፣ አባ። ይተኩሳሉ።»

«ባትሪሽን ስጪኝ።»

ዘበኛው ከልጁ ጋር ቀረ። ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልዬ አቀፍኳት። አባቴ ጥምጣሙን አስተካከለ፣ መስቀሉን ያዘ፣ ባትሪውን ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ ራሱ ፊት አዞረው። «እኔ መንገዱ ቢበራ ባይበራ አላየውም። እነሱ ያዩኝ» አለ። በግራ እጄ ክንዱን ይዤ እመራዋለሁ። እንዲህ ሆነን ባዶውን አስፋልት ወረድን። ውሻ እንኳ አልነበረም። ከእያንዳንዱ መታጠፊያ በፊት ቆሜ አዳምጣለሁ፤ ከጋቢው ውስጥ ምንም ስለማይሰማ ደግሞ የሕፃኗን ትንፋሽ አዳምጣለሁ።

አደባባዩ ጋ ስንደርስ ከጨለማው «ቁም» የሚል ድምፅ መጣ። የጠመንጃ ማቀባበያ ሲጎተት ሰማሁ።

«ቄስ ነኝ» አለ አባቴ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «ሕፃን ታማብን ሐኪም ቤት ልናደርሳት ነው።»

«ስንት ናችሁ?»

«ሦስት ነን፤ አንዷ ልትሞትብን ነው።»

አንድ ወታደር ቀርቦ ጋቢውን በጣቱ ገለጥ አደረገ። ፊቱን አላየሁትም፤ የዝናብ ልብሱ የሲጋራ ሽታ ነበረው። ሕፃኗን አይቶ መልሶ ሸፈናት።

«ሂዱ» አለ። «ባትሪውን እንዳታጠፉ። ወደ ጎንም እንዳታዞሩት።»

ጀርባችንን ሰጥተን የሄድናት ያቺ መንገድ ከሁሉ ረዘመችብኝ።

ሐኪም ቤት ኦክስጅን ሰጧት። እኛን ኮሪደር ላይ አስቀመጡን። አባቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ የተኛ መስሎኝ ጋቢውን ሳለብሰው፣ «አልተኛሁም» አለኝ። ሊነጋ ሲል ከውስጥ የሕፃን ልቅሶ ሰማን። ደካማ ነበር፤ ግን ልቅሶ ነበር። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«ተርፋለች» አለን። «ጭሱ ውስጥ ምን ያህል እንደቆየች ግን አናውቅም። የጎዳት ነገር ካለ የሚታወቀው ስታድግ ነው።»

ታሪኩን ልጅቷ ራሷ የነገረችኝ በማግስቱ ሐኪም ቤት ሕፃኗን ልታጠባ ስትመጣ ነው። ባሏ ሰሊጥ እርሻ ላይ ለመሥራት ወጥቶ አልተመለሰም። በወለደች በአምስተኛው ቀን ሰፈራቸው ሲታመስ በጭነት መኪና ተሳፍራ አባቷ ዘንድ መጣች። አከራዬ ደግሞ ሲቀጠር፣ ቤተሰብ ካስገባህ ሥራህን ታጣለህ ብላው ነበር። መስኮቱን በጨርቅ የጠቀጠቁት ሕፃኗ ስታለቅስ እንዳይሰማ ነው።

«በበሩ ሥር ቀዳዳ ነበረች» አለችኝ። «ለአየር ብለን ትተናት ነበር። እርስዎ በስልክ ሲናገሩ ጊዜ እሷንም ደፈንኳት።»

«ምን ስናገር?»

«ከጀርባ ያለው ድምፅ እንቅልፍ ነሳኝ፣ ዝም ካልተባለ እዚህ ቤት አልቀመጥም ሲሉ። ስለ ልጄ መስሎኝ።»

ስለ ጣሪያው ፕላስቲክ እንደነበር ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። እኔ የጠመንጃ ሰው ብዬ በፈራኋት ጊዜ እሷ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ ሆና የልጇን አፍ በእጇ ይዛ እኔን ትፈራኝ ነበር።

ማታ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። ድመት ወልዳለች ያልኩትንም።

«ሰው እንዳለ አውቀሽ ነበር?» አለኝ።

«ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ፈራሁ፣ አባ።»

አልፈረደብኝም። አላጽናናኝም። ውኃ አጠጪኝ አለኝ፤ ጠጣና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ።

አከራዬ በሳምንቱ መጥታ የተሰበረውን ኮምፔንሳቶ አየች። ዘበኛውን አሰናበተችው። ለመንኳት፤ የቤቱን ኪራይም ጨምሬ እከፍላለሁ አልኳት። «ደብቆኛል» አለች፣ ከዚያ ፈቀቅ አላለችም። ቅዳሜ ዕለት አባትና ልጅ ሕፃኗን ይዘው ጭልጋ ያለችው የልጅቷ አክስት ዘንድ ሄዱ። ዘበኛው ሲሰናበተኝ ዓይኔን አላየም። እኔም የእሱን አላየሁም።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ቀን ኔትወርክ ተለቆ ደወልኩለት። ድምፁ ከሩቅ ነው የሚሰማ።

«ሕፃኗ እንዴት ናት፣ አያ?»

«ሸጋ ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትጠባለች። ሲያጫውቷት ትስቃለች።»

«ሌላስ?»

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ነበር።

«ግራ እጇን ብቻ ትጨብጣለች» አለ። «እንቅልፍ ላይም አትፈታው። ሕፃን ሁሉ እንዲህ ነው ይሉኛል፣ እትዬ። እርስዎ አስተማሪ ነዎት፤ እንዲህ ነው?»

«አዎ» አልኩት። «እንዲህ ነው።»

ደግሜ ስደውል ስልኩ ዝግ ነበር። ከዚያ ወዲህም አልተከፈተም።